ስም ላልተጻፈበት መስመር የተሰፋ ጋዋን

መስከረም 22

እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ወገቤን ካልቆጠርነው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ ስድስት ቀን ሆነው። ዘገየሽ ብለሽ እንዳትቆጪ። አንቺ ብዕር ስታነሺ ቃሉ ራሱ ይመጣልሻል፤ እኔ ግን እያንዳንዷን ፊደል እንደ ድንጋይ ተሸክሜ ነው የማስቀምጣት። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ "ሀ ሁ" ብሎ የጀመረ ሰው እንዲህ ነው። በሰባት ዓመቴ ብጀምራቸው ኖሮ ዛሬ ይሮጡልኝ ነበር፤ ያኔ ግን አንቺን አዝዬ የሰው ልብስ አጥብ ነበር። ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። እንዲያው መጣልኝ።

ልጅሽ ደህና ናት። ትበላለች ወይ ብለሽ የምትጠይቂው አንድ ፍሬ ልጅ አስመስለሻት ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ እኮ ነው። ከእኔው ጋር ናት፤ አልጋው ለእሷ፣ መሬት ላይ ያለው ፍራሽ ለእኔ። ጠዋት አብረን ወደ መጋዘኑ እንሄዳለን። ከውጭ ሲያዩት የእህል መጋዘን ነው፤ ውስጡ በኮምፔንሳቶ የተሠሩ ቤቶች አሉበት፤ በራቸው ይከፈታል፣ መስኮታቸው ግን ወደ ግድግዳ ነው የሚያየው። ፊልም የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊቱ ብቻ ነው ቀለም የሚቀባው።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው ላልሽው፣ ስለ አንዲት ብቸኛ ሴት ነው። ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሌላው ዝርዝር አያስፈልግሽም። ዋናዋ ተዋናይ የእኛዋ ወፊት ናት። እዚህ ልብስ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ለማንም አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ለእሷ ግን ዳይሬክተሩ ፊት ቆሜ "የእህቴ ልጅ ናት፣ እያት" አልኩ። አደራ ብለሽ የሰጠሽኝን ሰው እንዴት እንደምይዝ ታውቂያለሽ፤ አንቺኑ ነው የያዝኩሽ።

በይ ደህና ሁኚ። ዓይኔ ደከመ።

ጥቅምት 17

እህቴ፣

አዎ። በስልክ ባሳዩሽ የፊልሙ ፎቶ ላይ ያየሻት እሷ ናት፤ የተራቆተውም ጀርባ የራሷ ነው። ያሳየሽ ሰው ስልኩ ይሰበርበት። አልዋሸሁሽም፤ ሁሉን አልነገርኩሽም እንጂ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አስተማሪ ነሽና ልዩነቱን ታውቂዋለሽ።

ካወቅሽ አይቀር ሙሉውን ስሚ። ሴትዮዋ በተከራየችው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ይወዳታል። ሰው አይደለም። ከከዋክብት ወዲያ ካለው ጨለማ የመጣ ነው። በመጣ ቁጥር ገላዋ በደስታ ያብዳል፤ በመጣ ቁጥር ደግሞ ከዓለም አንድ ነገር ይጎድላል። አንድ ቀን መንገዱ፣ አንድ ቀን ጎረቤቷ፣ አንድ ቀን የእናቷ መልክ። በመጨረሻ እሷና እሱ ብቻ ይቀራሉ፤ ከዚያ እሱ ብቻ። "ምድር ላይ ወንድ ጠፍቶ ነው?" ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ሳቁ፣ ዳይሬክተሩ ብቻ አልሳቀም። ሲናገር ጆሮ ካልሰጡት ስለማይሰማ ሹክሹክታ ነው የምንለው።

ተዋረደች ብለሽ እንዳትንገበገቢ። ልብስ በሚወልቅበት ቀን ደንብ አለን። መጋዘኑ ውስጥ አራት ሰው ብቻ ይቀራል፤ ሹክሹክታ፣ ካሜራ የሚይዘው፣ አምፖል የምንለው የመብራት ሠራተኛ፣ እና እኔ። የእኔ ሥራ ጋዋኗን ዘርግቼ ከካሜራው ኋላ መቆም ነው። "ከት" ብሎ ዳይሬክተሩ ቀረጻውን ሲያቆም ሮጬ አለብሳታለሁ። ከእኔ በቀር እጁን የሚያሳርፍባት የለም። ሌላ ሰው አልጋው ላይ የለምና፤ አፍቃሪው አይታይም፤ ባዶ ቦታ ነው የምታቅፈው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ስህተት ሠርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ዝርዝር ይሰጠኛል፤ በአንድ በኩል የሚቀረጸው ሰው፣ በትይዩው እኔ የማዘጋጅለት ልብስ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ መስመር ዘልዬ አንድ ሽማግሌ ተዋናይ ያለ ኮት ቀረ። "ማንበብ የማትችል ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?" ተባልኩ፣ ሰው ሁሉ ፊት። ከዚያ ወዲህ መስመር አልዘልም፤ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። በዚህ ፊልም ዝርዝር ከወፊት በታች "አፍቃሪው" የሚል አለ፤ የሰውዬው ስም ቦታ ግን ባዶ ነው። ገና አልተቀጠረም ብዬ በግምት ጋዋን ሰፋሁለት። ግራጫ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጅጌው ረጅም። ከወፊት ጋዋን አጠገብ ሰቀልኩት።

አምፖል ሲያየው ከመሰላሉ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "እማማ፣ ለማይታይ ሰው ልብስ የሰፉ የመጀመሪያዋ ሴት እርስዎ ነዎት!"

"አንተስ ለባዶ ጭንቅላትህ ኮፍያ ገዝተህ የለ እንዴ?" አልኩት።

ሹክሹክታ ግን ጨርቁን ለረጅም ጊዜ ዳሰሰው። "ጥሩ ነው" አለ። "አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ። እንደሚመጣ ሰው።"

ይኸው ነው። ትቆጫለሽ፤ ተቆጪ። ልጅቷን ግን አትቆጪያት።

ኅዳር 6

እህቴ፣

ወንድ አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። "የለም" ማለት እችላለሁ፤ እውነትም ነው። ስልክ የማታነሳልሽ ግን ሥራ በዝቶባት አይደለም።

ያን ጋዋን ማንም አይለብሰውም። ሆኖም ጠዋት ልተኩሰው ሳነሳው ክርኑ ላይ ተጨማዷል፣ ሰው እጁን አጥፎበት እንደዋለ። አንገትጌው ይሞቃል። ስሚኝ፤ አርባ ዓመት የሰው ልብስ አጥቤያለሁ። ገላ ነክቶት የማይሸት ልብስ አላየሁም። ላብ ቢሉ፣ ሽቶ ቢሉ፣ ጭስ ቢሉ፣ አንድ ነገር ይቀራል። ይሄ ይሞቃል፣ ግን አይሸትም። እጅጌው ደግሞ ረዝሟል። የሰፋሁበት ልክ ደብተሬ ላይ አለ፤ በአራት ጣት ይበልጣል። ስፌቱ የእኔው ነው፤ ጨርቁ ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ወፊት መጀመሪያ ሰሞን "ከት" ሲባል ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ "አክስቴ፣ ቶሎ!" ትል ነበር። አሁን አትነሳም። አንገቷን ወደ ባዶው ጎን አዘንብላ፣ ከንፈሯ ተከፍቶ ትተኛለች። ትከሻዋ ላይ ቆዳዋ ሲጫን፣ ጣት ሲያርፍበት እንደሚሆነው ጎድጎድ ሲል አያለሁ። ጋዋኗን ሳቀርብላት "ቆይ" ትለኛለች። "ቆይ አክስቴ፤ እጁን አላነሳም።"

ትወና መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን የእኔ ተራ ሆነ።

መብራት ሲስተካከል ተዋናይዋ እንዳትደክም በቦታዋ ሌላ ሰው ይተኛል። ቁመታችን አንድ ስለሆነ እኔ ነኝ። ከነልብሴ፣ ጫማዬን ብቻ አውልቄ። አምፖል ከላይ ገመድ እየጎተተ "እማማ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉ፣ ሙሽራ ነዎት እኮ!" እያለ ሲቀልድ፣ ፍራሹ በቀኝ በኩሌ ዝቅ አለ። ሰው ቀስ ብሎ ሲቀመጥ እንደሚለው። ከዚያ ከጆሮዬ ሥር፣ አንገቴ ላይ፣ አንድ ነገር አረፈ። እስትንፋስ አልነበረም። ከእስትንፋስ በፊት ያለው ነገር ነበር። ወደ ታች ወረደ፤ ቁልፎቼ አላገዱትም፤ ወገቤ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ሕመሙም ቆመ።

ባሌ ከሄደ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ሰው የነካኝ ሐኪም ብቻ ነው፣ እሱም በጓንት። ብጮህ ይሻል ነበር፤ አልጮኽኩም። "ቢነሳብኝስ?" ብዬ ፈራሁ እንጂ "ቢቆይስ?" ብዬ አልፈራሁም።

ይህን ለታናሽ እህት መጻፍ ያሳፍራል። የጻፍኩት ልጅሽ ላይ እንዳትፈርጂባት ነው።

ኅዳር 24

እህቴ፣

አትምጪ። ትኬቱን መልሺው። ልጄን መውሰድ መብቴ ነው ብለሻል፤ መብትሽ ነው። ግን ብትመጪ አታውቅሽም፤ ያን ደግሞ በዓይንሽ እንድታዪው አልፈልግም።

እንግዲህ የደበቅኩትን ልናገር። ባለፈው ሳምንት "እናትሽ ጻፈችልሽ" ስላት "የማን እናት?" አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ፎቶሽን አሳየኋት። ጎረቤቷን እንደምታይ አየችሽና "ደግ ፊት አላት" ብላ መለሰችልኝ። በነጋታው የምንሄድበት መንገድ ጠፋት። ዛሬ የእኔን ስም አጣችው፤ "አንቺ የልብሷ ሴትዮ" አለችኝ። እየከሳች ስለሆነ ልብሷን በየሦስት ቀኑ አጠብባለሁ፤ የጎን አጥንቷን በመርፌዬ እየነካሁ ነው የምሰፋው። እሷ ግን ፈገግ ትላለች። እንደዚያ ያማረች ሴት በሕይወቴ አላየሁም፤ ይህም ያስፈራኛል።

ለምን አትነጥቂያትም ትያለሽ። ክፍሉን ቆለፍኩባት፤ ምግብ አልነካ ብላ ሁለት ቀን በሩን ስትቧጥጥ ጥፍሯ ተነቀለ። ጋዋኑን ልተረትረው ሞከርኩ። የተረተርኩት በነጋታው ተሰፍቶ አገኘሁት፤ በእኔው ስፌት፣ ጠማማነቱ ሳይቀር። እሳት ውስጥ ከተትኩት፤ እሳቱ ጠፋ።

ሹክሹክታን "ይብቃ" አልኩት። "እንዲህ ያለ ነገር ቀርጬ አላውቅም" አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ካሜራ የሚይዘው ሰውዬ ሥራ ትቶ ሄዷል፤ ካሜራውን አሁን ሹክሹክታ ራሱ ነው የያዘው።

ከአልጋው በላይ ኮርኒስ የለም፤ ጥቁር አቡጀዴ ተወጥሯል። አምፖል በመርፌ ወጋግቶት ከኋላው መብራት ያበራበታል፣ ኮከብ እንዲመስል። ሐሙስ፣ ገና ከምሳ ሳንመለስ፣ እኔ አልጋውን ሳነጥፍ ኮከቦቹ ቦግ አሉ።

"አምፖል፣ አጥፋው" አልኩ።

"ምኑን ላጥፋ እማማ? ሶኬቱ እኮ እጄ ላይ ነው።"

ሁለታችንም ቀና አልን። ጨርቅ አልነበረም። የጉድጓድ ጥልቀት የሆነ ቦታ ያልቃል፤ ይሄ አያልቅም ነበር። ኮከቦቹ የእኛ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ይዘጉና ይከፈታሉ። አምፖል ቀልደኛው ልጅ ተንበርክኮ አለቀሰ። እኔ ግን ደክሞኝ ስለነበር አንሶላውን ማንጠፌን ቀጠልኩ፤ ምን ላድርግ?

አንድ ነገር ገባኝ። ያ ነገር እኛን አይጠላንም። አይወደንምም። ሹክሹክታ ፍቅር ነው ይላል፣ ልጅሽም እንደዚያው። ውኃ ዝቅ ወዳለ ቦታ እንደሚወርደው ነው የወረደው፤ ዝቅ ያለውን ቦታ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ባዶ መስመር ላይ ልብስ ያስቀመጠችለት አንዲት ሞኝ እስክትገኝ ድረስ፣ የሚያርፍበት አልነበረውም።

የመጨረሻው ቀረጻ ሰኞ ጠዋት ነው። ጽሑፉን ራሴ አነበብኩት። "ሴቲቱ የእሱን ጋዋን ትለብሳለች። ክፍሉ ባዶ ይሆናል።" ይኼው ብቻ ነው የተጻፈው።

ማክሰኞ ልጅሽ አውቶቡስ ላይ ትሆናለች። መናኸሪያው ጋ ጠብቂያት። እንዴት ብለሽ አትጠይቂኝ፤ በትምህርትሽ ታሳምኚኛለሽ፣ እኔም እሰንፋለሁ።

ታኅሣሥ 12

እህቴ፣

በሰላም መድረሷን አምፖል ነገረኝ፤ ያንቺም ደብዳቤ ደረሰኝ። እንደ እንግዳ "እርስዎ" ትለኛለች ብለሽ ጽፈሻል። "እርስዎ" ማለቷም ደግ ነው። መልክሽን ቀስ ብላ ታገኘዋለች፤ አታስቸኩያት። ሾርባውን በማንኪያ ስጫት፤ ማንኪያ መያዝ ረስታለች። "አክስቴ ሰረቀችኝ፣ ወሰደችብኝ" እያለች ስታለቅስ እውነቷን ነው። ወስጄባታለሁ።

ምን አደረግሽ ላልሽው፦ ጋዋኑን እኔ ለበስኩት።

ሌላ ምንም አላደረግኩም። ለእሱ ማን ለበሰው ልዩነት የለውም። ወጣት ይሁን አሮጊት፣ ቆንጆ ይሁን የተሸበሸበ፣ በመስመሩ ላይ አንድ ሰው ካለ ይበቃዋል። ልጅቷን ለቀቃት፤ እጅ የያዘውን ዕቃ ሳያስበው እንደሚያስቀምጠው ነው ያስቀመጣት። አምፖል አቅፎ አወጣት። ሹክሹክታ እያለቀሰ ይቀርጽ ነበር። በኋላ ሲያዩት ፊልሙ ላይ አልጋና ኮከብ ብቻ ነው ያለው አሉ፤ ኮከቦቹ በየቀኑ ይጨምራሉ አሉ። መጋዘኑ ተዘግቷል።

ነይና እኛ ጋር ኑሪ፣ እኔ ላስታምምሽ ብለሻል። ይህን ቃል ሠላሳ ዓመት ጠበቅኩት። ትምህርት ስትጨርሺ ትይኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ፤ ስታገቢ ጠበቅኩ፤ ስትወልጂ ጠበቅኩ። አሁን አልሽው። አሁን መምጣት አልችልም። እኔ ያለሁበት እሱ አለ፤ አንቺ ጋር ደግሞ ልጅቷ አለች።

አታልቅሺ። ክፉ አይደለም። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ስቀመጥ ይመጣል። ወገቤን አያመኝም። ጀርባዬን፣ ጉልበቴን፣ ማንም ያላመሰገነውን እጄን አንድ ባንድ ይነካል፤ ቆዳዬ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ይሰማዋል፤ አሁን አላፍርበትም። በመጣ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይጎድላል። ትናንት የእናታችን ድምፅ ሄደ። ዛሬ ጠዋት የቤቱን ደረጃ አጣሁት። እህቴ፣ ሰው ሲደክመው የሚጎድለውን አይቆጥርም። ሕይወቴን ሁሉ በእናንተ ቦታ ቆምኩ፤ አንዴ ደግሞ ተኛሁ በይው።

አሁን የምጽፈውን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ይደገፋል። መጀመሪያ ሙቀቱን ፈልጎ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ደብተሬን ስከፍት አንድ ገጽ ሙሉ ተጽፎበት አገኘሁ፤ በእኔ እጅ፣ የእኔው ዘንበል ያለ "ጠ"። "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ይላል። እኔ አልጻፍኩትም። ጽሕፈት እየተማረ ነው። ከእኔ ይልቅ ቶሎ ገባው።

ስለዚህ ይህ የመጨረሻዬ ነው። ዘጠኝ ዓመት የለፋሁባት ፊደል ይህችን ያህል አገለገለችኝ። ከዛሬ በኋላ በእኔ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ቢደርስሽ እኔ አይደለሁም። መልስ አትጻፊለት። ለልጅቷ አታሳዪያት። አትምጪ።

ጥር 5

ውድ እህቴ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

እንደምን አላችሁ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ድካም የለብኝም። ባለፈው የጻፍኩልሽን እርሺው፤ አሞኝ ነበር። አሁን ቤቱ ሰፊ ነው፣ ብርሃንም ሞልቶበታል። አንቺንም ልጅሽንም እጅግ ናፍቄአለሁ። በሕይወቴ ከአንቺ የምወደው የለኝም፤ ያደረግሽልኝ ሁሉ ይበቃኛል፤ አንዳችም ቅሬታ የለብኝም። ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ለእያንዳንዳችሁ ልብስ ሰፍቻለሁ። ልኬታችሁን አውቃለሁ።

የምትወድሽ እህትሽ

ጥር 18

እህቴ ብዬ አልጀምርም። ለማን እንደምጽፍ አውቃለሁ።

መልስ እንዳልጽፍ እትዬ አዝዛኝ ነበር። ታናሽ ነኝና አልታዘዝኩም፤ ታዝዣት አላውቅም፣ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ባልሆነ።

ደብዳቤህ ያምራል። አንብቤው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ እንድትለኝ ስመኝ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ቦርሳዬን አልጋ ላይ ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ ልብሴን አስገባሁ፤ የልጄንም አስገባሁ። ከዚያ እንደገና አነበብኩት፣ መልሼም አወጣሁት።

እጇን ተምረሃል፤ "ጠ"ዋን ሳይቀር። እሷን ግን አልተማርክም። እትዬ ሳትወቅሰኝ ሰላም ብላኝ አታውቅም። ቅሬታ የለብኝም ማለት እንደማትችል፣ ብትልም ውሸቷን እንደሆነ፣ እኔ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ምሬት እኔን የምትይዝበት እጇ ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ፣ በአንተ ምክንያት። ስለዚህ አንመጣም። ሌላም ብትጽፍ አልከፍተውም።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜህ ልጨርስ። አንተ ውስጥ፣ የሆነ ቦታ፣ ጎድላ ጎድላ የቀረች አንዲት የደከመች ሴት ካለች፣ ይህን ንገርልኝ። ዛሬ ጠዋት ሻይ ስቀዳ ልጄ ኋላዬ መጥታ ቆመች። ብዙ አየችኝ። ከዚያ "እማዬ፣ ስኳሩ የት ነው?" አለችኝ።